የጠፋው መዶሻና የተገኘው ወርቅ

ገበሬ መዶሻው ቢጠፋበት ምን ያደርጋል? ሲፈልግ ይውላል፤ ቢያጣው ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተስፋውን ቆርጦ ሌላ ይገዛል። በእንግሊዝ አገር በሳፎክ አውራጃ፥ ሆክሰን በምትባል መንደር አጠገብ የሚያርስ አንድ ገበሬ ግን መዶሻው በማሳው ውስጥ ቢጠፋበት፥ በመሬት የተቀበረ ብረታ ብረት የሚያመለክት መሣሪያ ያለው አንድ ወዳጁ መጥቶ እንዲፈልግለት ለመነው። ይህ በ1992 ዓመት በኖቬምበር ወር የሆነ ነገር ነው። ከዚህች ትንሽ ልመና የተነሣ 1,600 ዓመት በመሬት ውስጥ ተሰውሮ የኖረ የሮማውያን ሀብት ወደ ብርሃን ወጣ። ስለዚሁ ነገር ለዛሬው እሑድ አንባቢዎቻችንን ጥቂት ልናጫውት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወዳጅየው ሚስተር ኤሪክ ሎዝ ይባላሉ። በአትክልተኛነት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ መሣሪያውንም ያገኙት ጡረታ ሲወጡ በስጦታ ነው። በዚያን ቀን መሣሪያውን በማሳው ላይ እያንቀሳቀሱ ሲሄዱ አንድ ስፍራ ላይ ከፍ ያለ ድምፅ ሰጣቸው። መዶሻው ነው ብለው ቢቆፍሩ መዶሻው የለም፤ የብር ማንኪያዎች፥ የወርቅ ጌጣ ጌጦችና ብዙ የብርና የወርቅ ገንዘብ ወጣ።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ራሱን በሰውየው ቦታ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ቀኑ የኅዳር ቀን ነው፤ በዚያ አገር ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። በማሳው ላይ የሚያይ ሰው የለም። አፈሩ በተነካ ቁጥር ወርቅ ይወጣል። እጅ እንዴት ይቆማል? የሚስተር ሎዝ እጅ ግን ቆመ። ያወጡትን ሰብስበው ጉድጓዱን ትተው ሄዱና ለመሬቱ ባለቤትና ለፖሊስ አስታወቁ። በኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ወርቁ መገኘቱ አይደለም፤ ቆፋሪው መቆፈሩን ማቆሙ ነው። ይህን ያልንበትን ምክንያት ቀጥለን እንገልጻለን።

መሣሪያው እንዴት ያለ ነው?

መሣሪያው በዘንግ ጫፍ የተገጠመ ሰሐን የሚመስል ነገር አለው። በሰሐኑ ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ። በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲመላለስ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጠራል። ይህ ኃይል በመሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት፥ መዳብ፥ ብር ወይም ወርቅ ጋራ የተገናኘ እንደ ሆነ በዚያ በተቀበረው ነገር ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያስነሣል፤ መሣሪያውም ይህን ተቀብሎ በጆሮ ማዳመጫው ይጮኻል። አንዲት ነጠላ ገንዘብ ብትሆን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር እምብዛም በማያልፍ ጥልቀት ካልሆነ አይሰማትም። ደግሞም የሚጮኸው ለወርቅ ብቻ አይደለም፤ ለዛገ ምስማርም ለጠርሙስ ቆርኪም ይጮኻል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ጊዜውን የሚያሳልፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ትውልድ ከሀብት ፍለጋ ጋራ አልነበረም። በ1881 ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ፥ የቴሌፎን ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ ለማወቅ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ሞከሩ፤ ሙከራው ግን አልተሳካም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባሉ የፖላንድ መኰንን በመሬት የተቀበረ ፈንጂ የሚፈልግ፥ ወታደር በእጁ የሚይዘው መሣሪያ አዘጋጁ። የሰውን ሕይወት ለማዳን የተሠራው ነገር ከጦርነቱ በኋላ በሰላማዊ ሰዎች እጅ ገብቶ በእርሻ ማሳ ላይ ያለፈ ዘመንን መፈለጊያ ሆነ።

ከሣጥኑ ምን ወጣ?

ወደ ሆክሰን እንመለስ። በማግሥቱ የአውራጃው የአርኪዎሎጂ ሊቃውንት መጡና ወሬው ሳይሰማ ስፍራውን በአንድ ቀን ቆፍረው ጨረሱ። ሀብቱንም ከነአፈሩ እንደ ጡብ በትልልቁ እየቈረጡ በማውጣት፥ በኋላ በሥራ ቤት ውስጥ ቀስ ብለው ፈቱት። እንዲህ በመደረጉ የሀብቱ አቀማመጥ ሳይፋለስ ቀረ። ሁሉ ነገር የተቀመጠው እንግሊዞች ኦክ በሚሉት ጠንካራ እንጨት በተሠራ አንድ ሣጥን ውስጥ ነበር። እንጨቱ በስብሶ ቢጠፋም ማጠፊያዎቹና ትንንሽ የብር ቁልፎቹ በየቦታቸው ተገኙ። ዕቃው በዓይነት በዓይነቱ ተለይቶ ተደርድሯል። ሌባ በጥድፊያ የጣለው ሳይሆን፥ አንድ ቀን ተመልሼ አወጣዋለሁ ያለ ሰው በጥንቃቄ የቀበረው መሆኑ ከዚህ ታወቀ።

ገንዘቡ ሲቈጠር 14,865 ሆነ። ከዚህም 569 ወርቅ፥ 14,272 ብር፥ 24 ደግሞ ነሐስ ነው። ከገንዘቡ ሌላ 200 ያህል የወርቅ ጌጣ ጌጥና የብር የገበታ ዕቃ ነበረ። አንዱ የወርቅ አምባር በላዩ ላይ በላቲን ቋንቋ፥ እመቤት ዩልያና በደስታ እንድታጌጥበት የሚመኝ ጽሑፍ ተሠርቶበታል። በማንኪያዎቹ ላይ ደግሞ አውሬልዮስ ኡርሲኪኖስ የሚል ስም ደጋግሞ ይገኛል። በትከሻና በደረት ላይ ተመሳቅሎ የሚታሰር የወርቅ ሰንሰለትም አለ፤ ልኩ የቀጭን ወጣት ሴት ነው። ባለጌጦቹ እነማን እንደ ነበሩ፥ ለምንስ ተመልሰው እንዳልመጡ የሚናገር ግን የለም።

የብር ዕቃው ውስጥ አራት የቁንዶ በርበሬ መነስነሻዎች ይገኛሉ፤ አንደኛው የአንዲት ክብር ያላት ወይዘሮ መልክ ይዞ የተሠራ ነው። ቁንዶ በርበሬ በእንግሊዝ አገር አይበቅልም። በዚያ ዘመን የሚመጣው ከሕንድ ነው፤ መርከቦቹም የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጠው በቀይ ባሕር ሽቅብ ይወጡ ነበር። በዚሁ በቀይ ባሕር ዳር ደግሞ የአክሱም መንግሥት በር የነበረችው አዱሊስ ነበረች። በሩቅ ሰሜን በጭጋግ አገር ከገበሬ ማሳ የወጣው ዕቃ በኛ ባሕር በኩል ያለፈ ቅመም መያዣ መሆኑን ስናስብ ዓለም ከጥንትም ጀምሮ ጠባብ እንደ ነበረች እንረዳለን።

ሀብቱ በሕግ የመንግሥት መሆኑ ከተፈረደ በኋላ ዋጋው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። ይኸው ገንዘብ ለሚስተር ሎዝ ተከፈለ፤ እሳቸውም ከመዶሻው ባለቤት ጋራ ተካፈሉት። ሀብቱም ሎንዶን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ገባ።

ገንዘብ የሚናገረው ታሪክ

አሮጌ ገንዘብ የዘመን ምስክር ነው። በላዩ የንጉሡ መልክና ስም አለበትና መቼ እንደ ተመታ ይታወቃል። በአንድ ሣጥን ውስጥ ብዙ ገንዘብ ሲገኝ ከሁሉ የሚፈለገው የመጨረሻው ነው፤ ሣጥኑ ከዚያ በፊት ሊቀበር አይችልምና። የሆክሰን የመጨረሻዎቹ ገንዘቦች የ407 እና የ408 ዓመት ናቸው። በ407 ዓመት ቆስጠንጢኖስ 3ኛ የተባለው፥ ወታደሮች ያነገሡት ሰው ጦሩን ይዞ ከብሪታንያ ወደ ጎል፥ ማለት ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ፥ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ የሮማ አስተዳደር በደሴቲቱ ላይ ብዙ አልቆየም፤ 410 ዓመት ገደማ አበቃ።

ሌላም ነገር አለ። ከብሩ ገንዘብ አብዛኛው ዙሪያው በመቀስ ተከርክሟል። ከርካሚዎቹ የንጉሡን መልክ አልነኩም፤ ከዳር ከዳር ያለውን ብር ብቻ ወስደዋል። ምክንያቱም ከሮማ አዲስ ገንዘብ መምጣቱን ስላቆመ ነው። ሰዎቹ የቀረቻቸውን ብር እየከረከሙ፥ ከፍርፋሪው ሌላ ገንዘብ እየመቱ ጥቂት ዘመን ተገለገሉ። መንግሥት ሲርቅ ገበያ ምን እንደሚሆን ይህን ከመሰለ ማስረጃ የበለጠ የሚያሳይ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

የፍሩም ማሰሮ

መታገሥ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ2010 ዓመት በሚያዝያ ወር በሶመርሴት አውራጃ በፍሩም ከተማ አጠገብ፥ አንድ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ በመሣሪያው ሲፈልግ የማሰሮ አፍ አገኘ። ማሰሮው በገንዘብ የተሞላ መሆኑን በተረዳ ጊዜ መቆፈሩን ትቶ ጉድጓዱን በአፈር መልሶ ሞላውና ለሊቃውንት አስታወቀ። ማሰሮው ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። በውስጡ የተገኘው ገንዘብ 52,503 ነው፤ ክብደቱም ወደ 160 ኪሎ ይደርሳል። ይህ የሦስተኛው መቶ ዓመት የሮማ ገንዘብ በአንድ ማሰሮ ተገኝቶ ከተቈጠረው ሁሉ በብሪታንያ ትልቁ ነው።

ማሰሮውን ገልብጦ ማፍሰስ የደቂቃ ሥራ ነበር። አርኪዎሎጂስቶቹ ግን ሦስት ቀን ወሰዱ፤ ገንዘቡንም በደረጃ በደረጃ እያወጡ ለየብቻው አስቀመጡ። ከዚህም የተነሣ አንድ ያልታሰበ ነገር ተገለጠ። በማሰሮው ውስጥ ከ700 በላይ የካራውስዮስ ገንዘብ ነበረ። ካራውስዮስ ከ286 እስከ 293 ዓመት ድረስ በብሪታንያ ላይ ራሱን ያነገሠ የባሕር ጦር አዛዥ ነው። የእርሱ ገንዘብ ከሌላው ሁሉ አዲስ ነውና፥ ማሰሮው በየዓመቱ ሲጠራቀምበት የኖረ ቢሆን ከላይ መገኘት ነበረበት። የተገኘው ግን አብዛኛው ከማሰሮው አጋማሽ በታች ነው። እንግዲህ ገንዘቡ የአንድ ሰው የብዙ ዓመት ቁጠባ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የፈሰሰ ነው ማለት ነው። ማሰሮውም ስስ በመሆኑ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ሊነሣ አይችልም፤ አስቀድሞ መሬት ውስጥ ተቀምጦ በኋላ የተሞላ ነው። ስለዚህ ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ፥ ይህ የመንደር ሰዎች ለአማልክቶቻቸው በኅብረት ያቀረቡት መባ ይሆናል ብለው አሰቡ። ማሰሮው ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው 52,503 ገንዘብ ብቻ ነበር፤ ታሪኩ ግን ከአፈሩ ጋራ ይፈስስ ነበር። የአገራችን ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው እንዲህ ላለው ነው።

የሌሊት ቆፋሪዎች

ሁሉ ሰው ግን እንደነዚህ ሁለት ሰዎች አይደለም። በ1980ዎቹ ዓመታት ከሎንዶን በስተ ደቡብ ምዕራብ በዋንቦሮ የአንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ተገኘ። ስፍራውን በመጀመሪያ ያመለከቱት በመሣሪያ የሚፈልጉ ቅን ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ጉዳዩ በፍርድ ሸንጎ ሲታይ የቦታው ስም በግልጥ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ ሌቦች በሌሊት መሣሪያቸውንና አካፋቸውን ይዘው እየመጡ ቦታውን አረሱት። በሺህ የሚቈጠር የብሪታንያ ነገሥታትና የሮማ ገንዘብ ወጥቶ በየገበያው ተበተነ። ገንዘቡ ዛሬም በየሰብሳቢው እጅ ሊኖር ይችላል፤ ከየት እንደ መጣ፥ ከምን ጋራ እንደ ነበረ ግን ሊናገር አይችልም። ምስክር ነበረ፤ ምላሱ ተቈረጠ።

ይህ ጥፋት ሕጉ እንዲታደስ ምክንያት ሆነ። በ1996 ዓመት ስለ ተገኘ ሀብት አዲስ ሕግ ወጣ፤ በሚከተለው ዓመትም ሥራ ላይ ዋለ። እንደ ሕጉ ሀብት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ጉዳዩን የሚመረምረው፥ በድንገት የሞተ ሰው ሲኖር የሞቱን ምክንያት የሚመረምረው ዳኛ ነው፤ ይህ ከጥንት የመጣ የእንግሊዞች ልማድ ነው። ቤተ መዘክር ሀብቱን ሊገዛ የፈለገ እንደ ሆነ ዋጋው በሊቃውንት ይገመትና ብዙውን ጊዜ ላገኘው ሰውና ለመሬቱ ባለቤት እኩል ይከፈላል። የደበቀ ግን ይቀጣል። ሕጉ የማይነካቸውን ተራ ነገሮችም በፈቃድ የሚያስመዘግቡበት ድርጅት ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ዕቃ ተመዝግቧል።

በዚህም ላይ ክርክር አይጠፋም። ከአርኪዎሎጂ ሊቃውንት አንዳንዶቹ መሣሪያው በማንም እጅ መግባቱን አይወዱም፤ ያልተገኘው ነገር በመሬት ውስጥ ቢቆይ ይሻላል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የዘመኑ ማረሻ በጥልቅ እያረሰ ማሰሮውንም ሣጥኑንም እየሰበረ ስለሚበትን፥ ቶሎ ቢገኝ ይሻላል ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። በኛ አስተያየት ነገሩን የሚለየው መሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያው በጮኸ ጊዜ ሰውየው የሚያደርገው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር እናስታውሰው። በ1963 ዓመት በኤርትራ በሰንዓፌ አጠገብ በመጠራ፥ ፍራንሲስ አንፍሬ የተባሉት የፈረንሳይ አርኪዎሎጂስት ሲቆፍሩ አንድ የነሐስ ዕቃ አገኙ። በውስጡ ሁለት የወርቅ መስቀሎች፥ ሰንሰለቶችና ጌጣ ጌጦች፥ ከእነርሱም ጋራ የሮማ ነገሥታት መልክ ያለባቸው 14 የወርቅ ገንዘቦች ነበሩ። ገንዘቦቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው መቶ ዓመት ናቸው። የአክሱም መንግሥት ክርስትናን የተቀበለው ግን በአራተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው። እንግዲህ ያን ወርቅ ከመስቀሉ ጋራ ያስቀመጠ ሰው፥ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ጌጥ አስቀመጠ ማለት ነው። ይህን ልናውቅ የቻልነው ገንዘቡና መስቀሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ በሊቃውንት ዓይን ፊት ስለ ተገኙ ነው። ለየብቻቸው ተሽጠው ቢሆን አንዱ የሮማ ገንዘብ፥ ሌላው የወርቅ መስቀል ተብሎ ነገሩ ይቀር ነበር።

አክሱም ራስዋም ገንዘብ ከመቱት ጥቂት የጥንት መንግሥታት አንዷ ነበረች። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ ወርቅ፥ ብርና ነሐስ መትታለች። ኢዛናም በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት ለውጦ መስቀል አድርጓል። በየመን አገር በኤደን አጠገብ ከሺህ በላይ የወርቅ ገንዘብ በአንድነት ተቀብሮ ሲገኝ የአክሱምና የሮማ ወርቅ ተደባልቆ ነበር፤ በዚያም ከሮማው ይልቅ የአክሱሙ ይበዛል። ከዚህም የሁለቱ መንግሥታት ወርቅ በቀይ ባሕር ማዶ ጐን ለጐን እንደ ነበረ እንማራለን።

በአክሱም አካባቢ ክረምቱ አልፎ አፈሩ ሲታጠብ፥ ገበሬ ሲያርስ፥ እረኛ ከብት ሲጠብቅ አሮጌ ገንዘብ ያገኛል። በዚያች ሰዓት የሚነሣው ጥያቄ በሆክሰን ማሳ ላይ የተነሣው ጥያቄ ነው። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209፥ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዝዛል፤ ላስረከበውም ተገቢው ወሮታ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ያለ ፈቃድ መቆፈር ግን ክልክል ነው። ለጥቂት ብር ለመንገደኛ የተሸጠች አንዲት የነሐስ ገንዘብ ለሻጩ የአንድ ቀን እንጀራ ትሆን ይሆናል፤ ያንን አናቃልልም። ነገር ግን የተገኘችበት ስፍራ ሳይታወቅ የወጣች ገንዘብ ከታሪካችን የተቀደደች ገጽ ናት።

መዶሻውስ የት ደረሰ? የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መዶሻውም ተገኝቷል። ገበሬው ግን ምስማር ሊመታበት ወደ ቤቱ አልወሰደውም፤ ለብሪታንያ ቤተ መዘክር ሰጠው። የሮማ ወርቅ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ ያ ተራ የገበሬ መዶሻ ስፍራ አግኝቶ ተቀምጧል። የሚገባውም ነው፤ ያለ እርሱ ወርቁ አይገኝም ነበርና። ወርቁን ታሪክ ያደረገው ግን የሚስተር ሎዝ እጅ በሰዓቱ መቆም ነው።